ግንቡ፣ ክፋዩና ቀለሙ
የተከዜ ግድብና የኤለመንት ስሌት ታሪክ

በክረምት በሰሜን ተራሮች ላይ የሚወርደው ዝናብ በየሸለቆው ተከፋፍሎ ይፈስሳል። ከሊማሊሞ ገደል ሥር ወደ ዛሪማ የሚንደረደረው ውኃ አንድ መንገድ ይይዛል፤ ከመካነ ብርሃን አካባቢ፣ ከጃናሞራ ተዳፋት የሚወርደው ደግሞ ሌላ መንገድ ይይዛል። የሁለቱም መድረሻ ግን አንድ ነው። ተከዜ ከላስታ ተነሥቶ፣ ተራሮቹን በምሥራቅ ዞሮና በሰሜን በኩል አቅፎ ወደ ሱዳን የሚወርድ ወንዝ ነውና። ልዩነታቸው ይህ ነው፤ የሊማሊሞው ውኃ ወንዙን እንደ ጥንቱ ሲፈስ ያገኘዋል፤ የጃናሞራው ውኃ ግን ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የሚገባው ወደ ሐይቅ ነው። ሐይቁን የያዘው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የኮንክሪት ግንብ ነው።

የተከዜ ግድብ በኅዳር 2002 ዓ.ም. ሲመረቅ በአፍሪካ በቁመቱ አቻ አልነበረውም። ከእርሱ በፊት ቀዳሚ የነበረው የሌሶቶው ካትሴ 185 ሜትር ነበር። ኋላ ጊቤ ሦስት ከ240 ሜትር በላይ ሆኖ ክብሩን ወሰደ። የቁመት ፉክክር ብዙ ቁም ነገር የለውም፤ የተከዜን ግንብ ልዩ የሚያደርገው የአቋቋሙ ዘዴ ነው። ጊቤ ሦስትም ሆነ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ዋና ግንብ ውኃውን የሚቋቋሙት በክብደታቸው ነው፤ ሰፊ መሠረት ይዘው እንደ ተራራ ይቀመጣሉ። የተከዜው ግን ለቁመቱ ሲነጻጸር ቀጭን ነው። በአግድምም በቁምም ጎብጦ፣ ሆዱን ወደ ውኃው ሰጥቶ በሁለት ገደሎች መካከል የተወጠረ ቅስት ነው። የጎንደርን አብያተ መንግሥት ያየ ሰው የበሮቹን ቅስት ያስታውሳል፤ ድንጋዮቹ ከላይ በተጫኑ ቁጥር እርስ በርሳቸው ይበልጥ ይጣበቃሉ፤ ጭነቱም በግራና በቀኝ ወደ ግድግዳው ይወርዳል። ያ ቅስት በጀርባው ተኝቶ ጭነቱ ውኃ፣ ግድግዳዎቹም የሸለቆው አለቶች ቢሆኑ የተከዜ ግንብ ይሆናል።

ጭነቱ ምን ያህል ነው? አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል። በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 10 ቶን ይገፋዋል፤ በ180 ሜትር ጥልቀት 180 ቶን። ይህን ተማሪም ያሰላዋል። አስቸጋሪው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህ ግፊት በግንቡ ሰውነት ውስጥ በየት በየት አልፎ ወደ አለቱ ይደርሳል? የትኛው ጥግ ይጨመቃል? የትኛውስ ይለጠጣል? ኮንክሪት መጨመቅን ይችላል፤ መለጠጥን ግን አይወድም፤ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የግንቡን ነፍስ የሚወስነው የማይታየው የውስጥ ውጥረት ነው። ውጥረት ደግሞ በዓይን አይታይም፤ በእጅም አይዳሰስም፤ ሊታወቅ የሚችለው በስሌት ብቻ ነው።

ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት የነበሩ መሐንዲሶች ይህን ጥያቄ በአስደናቂ ትዕግሥት ነበር የተጋፈጡት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው ሁቨር ግድብ ሲነደፍ፣ 221 ሜትር ከፍታ ያለውን ግንብ በሐሳባቸው በሁለት ዓይነት ሰቅ ቆራረጡት፤ አንደኛው ወገን እንደ ቀለበት የተጋደሙ ቅስቶች፣ ሌላው እንደ ምሰሶ የቆሙ ሰቆች። ከዚያም የውኃውን ግፊት ለቅስቶቹ ይህን ያህል፣ ለምሰሶዎቹ ይህን ያህል ብለው በግምት አከፋፈሉት። ቅስቱና ምሰሶው በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ሁለቱ እኩል ካልተንቀሳቀሱ ክፍፍሉ ስሕተት ነበርና ደግሞ ማከፋፈል፣ ደግሞ ማስላት። በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሒሳብ ሠሪዎች ወራት የፈጀ ሥራ ሠሩበት። ይህም አላጠገባቸውም፤ የግድቡን አምሳያ ከጀሶና ከጎማ ሠርተው እየጫኑ ለኩት። በዚህ ሥራ ውስጥ የኋላው ዘዴ ፍሬ ነገር አስቀድሞ ይታያል፤ ሙሉውን ማወቅ ሲያቅት መከፋፈል፣ የተከፋፈለውንም በመገናኛው ላይ ማስማማት።

ስሌት የማያገኘው ነገር እንዳለም ያ ዘመን በመራር ሁኔታ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1959 በደቡብ ፈረንሳይ ማልፓሴ የተባለው ቀጭን ቅስት ግድብ በሌሊት ፈርሶ 423 ሰዎች ሞቱ። በምርመራው የተገኘው ምክንያት የግንቡ ኮንክሪት አልነበረም፤ በግራ በኩል የተደገፈበት አለት ነበር። ቅስቱ ጭነቱን እንደታሰበው ወደ ጎን አስተላልፏል፤ ጎኑ ግን አልተቀበለውም። የድንጋይን ጠባይ ከግንቡ ጋር አንድ ላይ የሚያሰላ ዘዴ አስፈላጊነቱ ከዚያች ሌሊት በኋላ ለማንም ግልጽ ሆነ።

ዘዴው በዚያን ጊዜ እየተወለደ ነበር፤ የተወለደው ግን በግድብ ሠሪዎች ቤት አልነበረም። ከሩሲያ ተሰድዶ ካናዳ የኖረው መሐንዲስ አሌክሳንደር ህረኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1941 አንድን ወጥ አካል በትንንሽ ዘንጎች መረብ ተክቶ ማስላት እንደሚቻል ጻፈ። ከናዚ ጀርመን የተሰደደው የሒሳብ ሊቅ ሪቻርድ ኩራንት በ1943 አንድን ገጽ በሦስት ማዕዘኖች ከፋፍሎ የመጠምዘዝን ችግር ሲፈታ አሳየ። ጽሑፉ ለዓመታት ብዙ አንባቢ አላገኘም፤ በሺህ የሚቆጠሩ እኩልዮሾችን በእጁ የሚፈታ ማን ነበርና! ከጦርነቱ በኋላ የጄት አውሮፕላን ክንፍ ወደ ኋላ ሲታጠፍ፣ የቀድሞው የምሰሶ ሒሳብ አልሠራ ሲል፣ ከኮምፒዩተር መምጣት ጋር ነገሩ ተገጣጠመ። በለንደን ጆን አርጊሪስ፣ በሲያትል የቦይንግ ፋብሪካ ደግሞ ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲንና ቶፕ ክንፉን በትንንሽ ክፋዮች ከፋፍለው አሰሉ፤ የአራቱ ጽሑፍ በ1956 ወጣ። በርክሌይ ያስተምር የነበረው ሬይ ክላፍ በ1960 ለዘዴው እስከ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጠው፤ ፋይናይት ኤለመንት። የተወሰነ መጠን ያለው ክፋይ ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዘዴው ወደ ግድብ ተሻገረ። በአሜሪካ አርካንሳስ ኖርፎርክ የተባለ ግድብ ሰውነቱ ላይ ቁልቁል የሄደ ስንጥቅ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ክላፍና ባልደረባው ኤድዋርድ ዊልሰን በ1962 ግንቡንና ከሥሩ ያለውን አለት በአንድ መረብ ከፋፍለው ስንጥቁ ምን ያህል እንደሚያሰጋ መረመሩ። በሌላው የዓለም ዳርቻ፣ ከምዕራቡ ጽሑፍ ጋር ግንኙነት ባልነበረበት ጊዜ፣ የቻይናው የሒሳብ ሊቅ ፌንግ ካንግና ባልደረቦቹ ሊዩጂያሺያ የተባለውን ግድብ ሲያሰሉ በራሳቸው መንገድ እዚያው ደረሱ፤ ፌንግ ካንግ ንድፈ ሐሳቡን በ1965 አሳተመ። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ የተከዜን ግንብ የገነባው ዋና ተቋራጭ ከዚያችው ቻይና መምጣቱን እግረ መንገድ ማንሣት ይገባል። እውቀት አንድ የትውልድ አገር ብቻ እንዳለው አድርገው የሚጽፉ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያነቡት አይጎዱም።

ዘዴው እንዴት ይሠራል? ከደባርቅ በሊማሊሞ ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በሽሬ በኩል አክሱም የሚደርስ መንገደኛ መልሱን ከሐውልቶቹ ሥር ሊያገኘው ይችላል። አንድ ወጥ የድንጋይ ምሰሶ አለ እንበል፤ ውፍረቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፤ የሚሸከመውም የራሱን ክብደት ብቻ ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 100 ይባል። እውነተኛው መልስ ያለ ኮምፒዩተርም ይታወቃል፤ ጫፉ ላይ ጭነቱ ዜሮ ነው፤ ወደ ታች እየጨመረ ሄዶ ከእግሩ ሥር 100 ይሞላል።

አሁን ምሰሶው በሐሳብ በሁለት እኩል ክፋይ ይቆረጥ። ክፋዮቹ የሚገናኙባቸው ነጥቦች ቋጠሮ ይባላሉ፤ እዚህ ሦስት ናቸው፤ የጫፉ፣ የመካከሉና የእግሩ። ኮምፒዩተሩ ክብደትን የሚያውቀው በቋጠሮዎች ላይ ብቻ ስለሆነ የእያንዳንዱ ክፋይ ክብደት ግማሹ ወደ ላይኛው፣ ግማሹ ወደ ታችኛው ቋጠሮ ይሰጣል። ስለዚህ ጫፉ 25፣ መካከሉ 50፣ እግሩ 25 ይይዛል። እያንዳንዱ ክፋይ እንደ ሞላ ይቆጠራል፤ ሲጫኑት በግትርነቱ መጠን ያጥራል። በየቋጠሮው ላይ ከላይ የሚመጣውና ከታች የሚመልሰው ኃይል እኩል እንዲሆኑ ይጻፋል፤ ከዚያ የሚወጡት እኩልዮሾች ተፈትተው የየቋጠሮው እንቅስቃሴ ይገኛል፤ ከእንቅስቃሴው ደግሞ የየክፋዩ ውጥረት ይወጣል። በምሰሶው ላይ ውጤቱ ምን ይላል? የታችኛው ክፋይ የተሸከመው 75 ነው ይላል። እውነቱ ግን ከእግሩ ሥር 100 ነበር። የቀረው 25 አልጠፋም፤ በቀጥታ ለመሬቱ ተሰጥቷል፤ ክፋዩ ግን አያውቀውም።

ምሰሶው በአራት ቢቆረጥ የታችኛው ክፋይ 87.5 ይላል፤ በአሥር ቢቆረጥ 95፤ በመቶ ቢቆረጥ 99.5። የዘዴው ጥበብም አደጋውም በእነዚህ አራት ቁጥሮች ውስጥ አለ። ክፋዩ ሲደቅ መልሱ ወደ እውነት ይቀርባል፤ ክፋዩ ሻካራ ሲሆን ግን ኮምፒዩተሩ ያለ ማመንታት፣ ያለ አንዳች የስሕተት ምልክት፣ ከእውነቱ ሩቡን የጎደለ መልስ ይሰጣል። መልሱ የሒሳብ ስሕተት የለበትም፤ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። የተሳሳተው ጠያቂው ነው።

በእውነተኛ ግድብ ላይ ክፋዮቹ እንደ ሸክላ ጡብ ሦስት ገጽታ ያላቸው ናቸው፤ ግንቡን ብቻ ሳይሆን ከጎንና ከሥር ያለውን አለትም ይሸፍናሉ። አሥር ሺህ ቋጠሮዎች ቢኖሩ እያንዳንዱ በሦስት አቅጣጫ ሊንቀሳቀስ ስለሚችል 30,000 ያልታወቁ ቁጥሮች በአንድ ጊዜ መፈታት አለባቸው። ጥበበኛ መሐንዲስ ክፋዮቹን በየቦታው እኩል አያደርጋቸውም፤ ግንቡ ከአለቱ በሚገናኝበት፣ ማዕዘን ባለበት፣ ውጥረቱ በድንገት በሚለዋወጥበት ሥፍራ ያደቅቃቸዋል፤ ጸጥ ባለው ሥፍራ ያሰፋቸዋል። ከዚያም መረቡን አድቅቆ ደግሞ ያሰላል። መልሱ ካልተለወጠ ያምነዋል፤ ከተለወጠ ገና ነው።

የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች ይህን ሁሉ የሚመልሱት በወረቀት ጥቅል ላይ በታተመ የቁጥር ጎርፍ ነበር። መሐንዲሱ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያየ፣ እኩል ውጥረት ያላቸውን ነጥቦች በእርሳስ እያገናኘ፣ ሥዕሉን በእጁ ይሠራ ነበር። አድካሚ ነበር፤ አንድ ጥቅም ግን ነበረው። ሁለት ጎረቤት ክፋዮች የማይስማሙ ቁጥሮች ሲሰጡ እጁ ይቆም ነበር።

ሥዕሉን ለማሽኑ አሳልፎ የመስጠት ታሪክ በአብዛኛው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው። ባለሙያዎች ሬንደሪንግ የሚሉት ይህ ሥራ ቁጥርን ወደ ብርሃንና ጥላ የመለወጥ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 አንሪ ጉሮ የተባለ ፈረንሳዊ ተማሪ በባለቤቱ ፊት ላይ መስመሮች ስሎ፣ ፊቷን በትንንሽ ማዕዘናማ ገጾች ከፋፍሎ ወደ ኮምፒዩተር አስገባ። ገጾቹ እንደ ተጠረበ ድንጋይ ይለያዩ ነበር፤ ጉሮ ግን በየማዕዘኑ ያለውን የብርሃን መጠን ወስዶ በገጹ ላይ ቀስ በቀስ እንዲቀላቀል አደረገው። ማዕዘኖቹ ጠፉ፤ የለሰለሰ የሰው ፊት ወጣ። ቬትናማዊው ቡይ ቱንግ ፎንግ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የብርሃንን ጭላንጭል ጨመረበት። በ1984 የኮርኔል ተመራማሪዎች የአንድን ክፍል ግድግዳዎች በክፋዮች ቆርጠው፣ ብርሃን ከክፋይ ወደ ክፋይ ሲንጸባረቅ እንደ ሙቀት አሰሉት፤ ይህ የኤለመንት ስሌት የቅርብ ዘመድ ነው።

ለሥዕል መምህራን ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። ከደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ጎንደር የነበሩ ሠዓሊዎች በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። የመጀመሪያው የጎንደር የአሣሣል ስልት ፊትን በጠንካራ መስመር ከፋፍሎ እያንዳንዱን ክፍል በወጥ ቀለም ይሞላዋል፤ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የመጣው ሁለተኛው ስልት ግን ጉንጩንና አንገቱን በጥላ ያለሰልሰዋል። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ለሥነ ጥበብ ሰዎች ይተው። እዚህ ላይ የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ስልት ክፍፍሉን አይደብቅም፤ ሁለተኛው ይደብቃል።

በሥዕል ውስጥ ይህ የውበት ጉዳይ ነው። በግድብ ውስጥ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። የጉሮ ዘዴ የፊትን ማዕዘን እንዳለሰለሰ ሁሉ፣ የውጥረትን ካርታም ያለሰልሳል። አንዱ ክፋይ 75፣ ጎረቤቱ 25 ሲል በመካከላቸው ያለው ዝላይ የመረቡን ሻካራነት የሚያጋልጥ ምስክር ነው። ቀለሙ ሲቀላቀል ዝላዩ ይጠፋል፤ ምስክሩም ዝም ይላል። የሚቀረው ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ በጸጥታ የሚሸጋገር፣ ስብሰባ ላይ ሲታይ ሁሉን የሚያሳምን ምስል ነው። ቀዩ አደጋ፣ ሰማያዊው ደኅንነት ነው ብሎ የሚያምን ተመልካችም ሌላ ነገር መጠየቅ ይገባዋል፤ ቀዩ ከየትኛው ቁጥር ይጀምራል? ልኩን የሚወስነው ሥዕሉን የሠራው ሰው ነው። ልኩን ከፍ ቢያደርገው፣ ግንቡ ሳይለወጥ፣ አንዲት ጠጠር ሳትነካ፣ ቀዩ ሁሉ ወደ ብጫ ይለወጣል።

ይህ ማስፈራሪያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1991 በኖርዌይ ጋንስፊዮርድ በተባለው የባሕር ወሽመጥ፣ ስሌይፕነር ኤ የተባለው ለነዳጅ ማውጫ የተሠራ ግዙፍ የኮንክሪት መድረክ ለፍተሻ በውኃ ውስጥ ዝቅ ሲደረግ አንድ ግድግዳው ተሰንጥቆ ከባሕር ወለል ላይ ተከሰከሰ። ሰው አልሞተም፤ ንብረቱ ግን እንዳልነበረ ሆነ። ምርመራው ያገኘው ነገር ቀላልና አሳፋሪ ነበር። በአንድ የግድግዳ መገናኛ ላይ መረቡ ሻካራና የተዛባ ስለነበር ስሌቱ የመቁረጥ ውጥረቱን 47 በመቶ አሳንሶ ሰጥቶ ነበር፤ የብረቱም አሠራር በዚያው ሥፍራ ጉድለት ነበረበት። ፕሮግራሙ በዓለም የታወቀ፣ መሐንዲሶቹም የተማሩ ነበሩ። መረቡን በዚያች ጥግ አድቅቆ እንደገና ያሰላ ግን አልነበረም። ከአደጋው በኋላ በደቀቀ መረብ የተሠራው ስሌት ግድግዳው በ62 ሜትር ጥልቀት እንደሚሰበር አመለከተ፤ የተሰበረው በ65 ሜትር ነበር።

በኢትዮጵያ የኤለመንት ስሌት ዛሬ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ከተመሠረተው የምሕንድስና ኮሌጅ ወደ አምስት ኪሎው ኢንስቲትዩት በደረሰው ትምህርት ቤትም ሆነ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ደባርቅ ራሷም የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሆናለች። በፋሽስት ወረራ ዘመን ተወስዶ በጥቅምት 1930 ዓ.ም. ሮም ላይ የቆመው፣ 24 ሜትር ርዝመት ያለው የአክሱም ሐውልት በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን ሲመለስም፣ ቁራጮቹን እንደገና ያቆመው ቡድን ከጣሊያናዊው መሐንዲስ ጆርጆ ክሮቺ ጋር በአራሚድ ቃጫ ዘንጎች ሲያያይዛቸው የመሬት መንቀጥቀጥን ጭምር አስቦ ነው። ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ሐውልቱ ተመረቀ። ለኢትዮጵያ ሕንፃዎች የመሬት መንቀጥቀጥን የሚያስገባ የንድፍ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል፤ ስምጥ ሸለቆ ለሰነጠቃት አገር ተገቢ ደንብ ነበር።

ከዘዴው ጋር አብሮ የመጣው ነገር ግን ሁልጊዜ አብሮ አይማርም። የፕሮግራሙን ቁልፎች ማስተማር ቀላል ነው፤ ተማሪው በአንድ ቀን ቀለም የተቀባ ግድብ ያወጣል። ምሰሶውን በሁለት ቆርጦ 75 ያገኘ፣ በአራት ቆርጦ 87.5 ያገኘ፣ የጎደለውም 25 የት እንደሄደ በወረቀት ላይ የፈለገ ተማሪ ግን ሥዕሉን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ከሰሌዳና ከጠመኔ በቀር ሌላ መሣሪያ የማይጠይቅ ትምህርት ነው፤ በዳባት ወይም በመካነ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።

የተከዜ ሸለቆም የራሱን ጥያቄ አንሥቷል። ግንባታው ሊጠናቀቅ ሲቃረብ፣ በ2000 ዓ.ም. በሥፍራው ከባድ የመሬት መንሸራተት ደርሶ ተዳፋቱን የሚደግፍ ተጨማሪ ግንብ መሥራት ግድ ሆኗል። አለት በኮንክሪት ልክ አይታዘዝም፤ ስንጥቁ፣ የሸክላ ንጣፉ፣ ውኃ የሚያልፍበት ሥር ሁሉ አስቀድሞ ካልተቆፈረና ካልተለካ፣ በመረቡ ውስጥ የሚገባው የመሐንዲሱ ግምት ነው። ግምቱም በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ከተለካው ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ይለብሳል።

በትልልቅ ቅስት ግድቦች ሰውነት ውስጥ፣ ከላይ እስከ ታች በተሠራ ቀዳዳ፣ አንድ ጥንታዊ መሣሪያ ተንጠልጥሎ ይኖራል፤ ቱምቢ። የደባርቅ ግንበኛ ማዕዘን ለማቅናት የሚይዘው ያው ክርና ክብደት ነው፤ እዚህ ግን ክሩ ረጅም ሽቦ ነው፤ ልኬቱም በሚሊ ሜትር ነው። ክረምት ገብቶ ሐይቁ ሲሞላ ግንቡ ወደ ታችኛው ወንዝ በጥቂቱ ያዘነብላል፤ በበጋ ውኃው ሲጎድል ይመለሳል። ጠባቂው በየጊዜው ወደ ጨለማው መተላለፊያ ወርዶ የሽቦውን ቦታ ያነባል፤ ቁጥሩንም በመዝገብ ይጽፋል። በሌላው ዓምድ፣ ከጎኑ፣ ኮምፒዩተሩ ለዚያው የውኃ ከፍታ አስቀድሞ የተናገረው ቁጥር ተጽፏል።